የወርልድስፔስ አነሣሥና አወዳደቅ፦ ፊዚክሱ ሠርቶ ሒሳቡ ለምን እምቢ አለ?

ዛሬ ከሆሳዕና ተነሥቶ ወደ ሾኔ፣ ወደ ዱራሜ ወይም ወደ ሺንሺቾ የሚጓዝ ሰው በመንገዱ ግራና ቀኝ፣ በቆርቆሮ ጣሪያዎች ላይ ተተክለው የሚያያቸው የሳተላይት ሳህኖች ብዙም አያስደንቁትም። ዲሽ የቤት ዕቃ ከሆነ ሰነባብቷል። ልጅ ከደቡብ አፍሪካ በላከው ገንዘብ በተሠራው ባለ ፎቅ ቤት አናት ላይም፣ በጭቃ ቤት ጎን በቆመ የባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይም ይታያል። ይሁን እንጂ ይህ ሳህን በየጣሪያው ከመስፈሩ አስቀድሞ፣ ከሰማይ የሚወርድን ስርጭት በገጠር ለሚኖረው አፍሪካዊ ለማድረስ የተነሣ ሌላ ታላቅ ሙከራ ነበር። ወርልድስፔስ የተባለውን ይህን የሳተላይት ሬዲዮ የመሠረቱት አዲስ አበባ የተወለዱ ሰው ናቸው። ሳተላይቶቹ ያለ እንከን ወደ ምሕዋር ወጡ፤ ድምፁም ጥርት ብሎ ተሰማ፤ ኩባንያው ግን አሥር ዓመት እንኳ ሳያሰራጭ ከሰረ።

አንድ መሣሪያ ሳይበላሽ አገልግሎቱ ሲሞት ምክንያቱን መመርመር ለሳይንስ ተማሪ ጠቃሚ ነው። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ ወርልድስፔስ በምን ዓይነት ፊዚክስ እንደሠራ፣ በምን ዓይነት ሒሳብ እንደወደቀ፣ ከዚያም ሳተላይትን ለትምህርትና ለመረጃ ለምንጠቀምበት ለእኛ ምን ትምህርት እንደሚተርፍ በቅደም ተከተል እንመለከታለን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

የሐሳቡ ጅማሬ

አቶ ኖኅ ሳማራ የኢትዮጵያና የሱዳን የዘር ሐረግ ያላቸው፣ በአሜሪካ በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ሕግ ያጠኑ ሰው ናቸው። ወርልድስፔስን በ1990 ዋሽንግተን ውስጥ አቋቋሙ። ለዚህ ያነሣሣቸው የኤድስ በሽታ በአፍሪካ እየተስፋፋ መሄዱን የሚገልጽ የጋዜጣ ጽሑፍ እንደነበረ ደጋግመው ተናግረዋል። በሽታው የሚዛመተው መድኃኒት ስለጠፋ ብቻ ሳይሆን መረጃ ስላልደረሰም ነው፤ እንግዲያውስ መረጃውን ከሰማይ ለምን አናወርደውም የሚል ነበር ሐሳባቸው።

በዚያን ጊዜ ከዋና ከተሞች ውጭ ያለው ሕዝብ በአብዛኛው የሚያዳምጠው መካከለኛና አጭር ሞገድ ነበር። አጭር ሞገድ ከአዮኖስፌር ጋር እየተላተመ ወደ ምድር ስለሚመለስ ሩቅ አገር ይደርሳል። ይሁን እንጂ አዮኖስፌር በፀሐይ ጨረር የሚፈጠር ንብርብር በመሆኑ በቀንና በሌሊት፣ በበጋና በክረምት ጠባዩ ይለዋወጣል። ድምፁ አንዴ ጎላ አንዴ ሰለል የሚለው በዚህ የተነሣ ነው። ኤፍ ኤም በበኩሉ ጥራት ቢኖረውም የሚጓዘው እንደ ብርሃን በቀጥታ መስመር ነው። 100 ሜትር ከፍታ ካለው ማማ የተለቀቀ የኤፍ ኤም ሞገድ በሜዳማ አገር ከ40 ኪሎ ሜትር ብዙም አይርቅም። እንደ ሐዲያና ከምባታ ባለ ተራራማ አገር ደግሞ ከሐምበሪቾ ተራራ ጀርባ ወይም ወደ ጊቤ ሸለቆ በሚወርደው ቆላ ውስጥ ያለ ቤት ለማማው ቅርብ ሆኖ ሳለ ጥላ ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። ተራራ የማይጋርደው ማማ ለማቆም የሚቻለው ሰማይ ላይ ብቻ ነው።

በ1992 በስፔን ቶሬሞሊኖስ ከተማ የተካሄደው ዓለም አቀፍ የሬዲዮ ጉባኤ ከ1,452 እስከ 1,492 ሜጋኸርዝ ያለውን ክልል ለዲጂታል የድምፅ ስርጭት ፈቀደ። ለወርልድስፔስ በር የከፈተለት ይህ ውሳኔ ነው። አፍሪስታር የተባለው የመጀመሪያው ሳተላይት ጥቅምት 28 ቀን 1998 ከፈረንሳይ ጉያና፣ ከኩሩ የማስወንጨፊያ ጣቢያ፣ በአሪያን ሮኬት መጠቀ። በአፍሪካ ስርጭቱ የተጀመረው በ1999 ነው። ሁለተኛው ሳተላይት፣ ኤዥያስታር፣ መጋቢት 21 ቀን 2000 ተከተለ። ሦስተኛውና ለአሜሪካ አህጉር የታሰበው አሜሪስታር ግን ሳይመጥቅ ቀረ። በተፈቀደው ክልል የአሜሪካ ጦር ኃይል የአውሮፕላን ሙከራ መረጃ ይለዋወጥበት ስለነበር አገሪቱ ለሳተላይት ሬዲዮ ሌላ ክልል መርጣለች።

በሰማይ የቆመ ማማ

ሳተላይት ሳይወድቅ እንዴት አንድ ቦታ ይቆማል? ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚያነሡት ጥያቄ ነው። እውነቱን ለመናገር ሳተላይቱ አይቆምም፤ በሰከንድ 3 ኪሎ ሜትር ያህል እየበረረ ምድርን ይዞራል። ከምድር ወገብ በላይ በ35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የሆነ እንደሆነ አንዱን ዙር የሚጨርስበት ጊዜ ምድር በራሷ ዛቢያ አንድ ጊዜ ከምትዞርበት ጊዜ ጋር እኩል ይሆናል። በመሆኑም ምድር ላይ ላለ ተመልካች ሳተላይቱ ያለበት የሰማይ ነጥብ አይለወጥም። እንግሊዛዊው አርተር ክላርክ ይህ ምሕዋር ለስርጭት ሊያገለግል እንደሚችል ያስረዱት በ1945፣ ማለትም አንድም ሳተላይት ሳይመጥቅ ነው።

አፍሪስታር የተቀመጠው ከምድር ወገብ በላይ በ21 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ነው። ሆሳዕና በ7.5 ዲግሪ ሰሜንና በ38 ዲግሪ ምሥራቅ ገደማ ትገኛለች። ከእነዚህ ቁጥሮች ተነሥተን በቀላል ትሪጎኖሜትሪ ስናሰላ፣ ሆሳዕና ላይ ለቆመ ሰው አፍሪስታር በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ መካከል፣ ከአድማስ 68 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይገኝ ነበር ማለት ነው። ይህ ወደ አናት የተጠጋ ከፍታ ነው። ርቀቱ 36,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሞገዱ በብርሃን ፍጥነት ቢጓዝም ለመውረድ ብቻ 0.12 ሰከንድ ይወስድበታል። ከመሬት ጣቢያ ወደ ሳተላይቱ የሚወጣበት ጊዜ ሲደመር ሩብ ሰከንድ ይጠጋል። በሳተላይት ቃለ መጠይቅ የሚደረግለት ሰው ከመመለሱ በፊት ጥቂት ዝም የሚለው አንዱ ምክንያት ይኸው የጉዞ ጊዜ ነው።

የመዳፍ ያህል አንቴና እንዴት በቃ?

የወርልድስፔስ መቀበያ አንቴና ከመዳፍ ብዙም የማይበልጥ ጠፍጣፋ ነገር ነበር። በየጣሪያችን ያለው የቴሌቪዥን ሳህን ግን ብዙውን ጊዜ 90 ሳንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ስፋት አለው። ሁለቱም ሲግናል የሚቀበሉት 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ከሚርቅ ሳተላይት ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው ምንድን ነው?

መልሱ ያለው በቢት ቁጥር ላይ ነው። ዲጂታል መረጃ የሚጓዘው የ0 እና የ1 ሰንሰለት ሆኖ ነው። መቀበያው እያንዳንዱን ቢት ከአካባቢው ጫጫታ ለይቶ ለማወቅ ለእያንዳንዱ ቢት የተወሰነ መጠን ያለው ኃይል ሊደርሰው ይገባል። በሰከንድ ብዙ ቢት የሚልክ ስርጭት ብዙ ኃይል ይፈልጋል፤ ጥቂት ቢት የሚልክ በጥቂት ኃይል ይብቃቃል። አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ በሰከንድ በርካታ ሚሊዮን ቢት ይፈልጋል። ወርልድስፔስ ግን ለንግግር 16 ሺህ ቢት፣ ለጥሩ ሙዚቃ 64 ሺህ ቢት፣ ለከፍተኛ ጥራት 128 ሺህ ቢት በሰከንድ ይበቃው ነበር። 4 ሚሊዮንን ለ64 ሺህ ብናካፍል ከ60 እጥፍ በላይ ልዩነት እናገኛለን። ሳህኑ ሰፊ የሚሆነው ይህን ከፍተኛ ፍላጎት ለማሟላት ከሰማይ ብዙ ኃይል መሰብሰብ ስላለበት ነው።

የቢቱን ቁጥር መቀነስ ያስቻለው ደግሞ በኤምፒስሪ ስም የምናውቀው የድምፅ ማመቂያ ዘዴ ነው። በሲዲ ላይ ያለ ሙዚቃ ሳይታመቅ በሰከንድ 1.4 ሚሊዮን ቢት ይፈጃል። የሰው ጆሮ ግን ሁሉን አይሰማም፤ ከበሮ ሲመታ በዚያው ቅጽበት የሚሰማ ቀጭን ድምፅ ይዋጣል። ማመቂያው ጆሮ የማያስተውለውን እየጣለ የሚያስተውለውን ብቻ ስለሚልክ መጠኑ ወደ አሥራ አንደኛ ይወርዳል። ወርልድስፔስ በዚህ ዘዴ በአንድ ተሸካሚ ሞገድ ላይ 96 ባለ 16 ኪሎቢት መንገዶችን አሰልፎ መላክ ችሏል።

ሁለተኛው ምክንያት የሞገዱ ርዝመት ነው። ወርልድስፔስ የተጠቀመበት ሞገድ ርዝመቱ 20 ሳንቲ ሜትር ሲሆን የቴሌቪዥን ሳህን የሚቀበለው ከ2.5 እስከ 2.8 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። የአንድ አንቴና የእይታ ስፋት የሚወሰነው የሞገዱ ርዝመት ለአንቴናው ስፋት ሲካፈል በሚገኘው ውጤት ነው። ለባለ 90 ሳንቲ ሜትር ሳህን ይህ ስሌት 2 ዲግሪ ገደማ ይሰጣል። በሌላ አነጋገር ሳህኑ ሰማይን የሚያየው በጠባብ ቀዳዳ አጮልቆ ነው፤ ነፋስ በትንሹ ቢያዘነብለው ምስሉ ይጠፋል። ትንሹ ጠፍጣፋ አንቴና ግን ሰፊ የሰማይ ክፍል ስለሚያይ በግምት ማዞር ይበቃው ነበር። በተጨማሪም የክረምት ዶፍ አጭሩን ሞገድ ስለሚውጠው የቴሌቪዥን ምስል በዝናብ ጊዜ ይቆራረጣል፤ 20 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ላለው ሞገድ ግን የዝናብ ጠብታ ከቁጥር አይገባም። በዚህ በኩል ካየነው መሣሪያው ለክረምቱ ብርቱ ለሆነ ለእኛ አገር የተሠራ ይመስል ነበር።

ቆርቆሮው የጋረደው ሰማይ

ይሁንና የትኛውም መሣሪያ ድክመት አያጣም። እንዲህ ያለ ሞገድ የቆርቆሮ ጣሪያን አልፎ አይገባም፤ ብረት ያንጸባርቀዋል። በአውሮፓ ከተሞች ሳተላይቱ ዝቅ ብሎ ስለሚታይ አንቴናውን መስኮት ላይ ማስቀመጥ ይቻል ነበር። ከላይ እንዳሰላነው ግን በሆሳዕና ሰማይ ሳተላይቱ የሚገኘው በ68 ዲግሪ ከፍታ ነው። እንዲህ ከፍ ያለ ነገር በመስኮት በኩል አይታይም፤ ክፈፉ ይጋርደዋል። ስለዚህ አንቴናውን በገመድ አውጥቶ ውጭ ማኖር ግድ ነው። በአጠገቡ የቆመ ወፍራም ባሕር ዛፍ እንኳ ሲግናሉን ሊያደክመው ይችላል። እየተንቀሳቀሱ ለማዳመጥ ወይም በመኪና ለመጠቀም ደግሞ የበለጠ ያስቸግራል።

ለዚህ መፍትሔው በየከተማው የምድር አጋዥ ማሰራጫዎችን መትከል ነው። በአሜሪካ በ2001 ስርጭት የጀመረው ኤክስኤም የተባለው የሳተላይት ሬዲዮ ያደረገው ይህንኑ ነው። ወርልድስፔስ በጅማሬው ላይ በኤክስኤም ውስጥ ድርሻ ነበረው፤ በ1999 ግን ሸጦታል። አሜሪካ አንድ አገር ስለሆነች ፈቃዱ ከአንድ መሥሪያ ቤት ይገኛል፤ መቀበያውም በፋብሪካ መኪና ላይ ተገጥሞ ይወጣል። ወርልድስፔስ ግን ጨረሩ በደርዘን የሚቆጠሩ አገሮችን ይሸፍን ስለነበር አጋዥ ማሰራጫ ለመትከል ከየአገሩ ፈቃድ መጠየቅ ነበረበት። ሳተላይት ድንበር አያውቅም፤ ፈቃድ ግን ያውቃል።

ማን ይክፈል?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። የሳተላይት ወጪ አንድ ልዩ ጠባይ አለው፤ አንድ ሰው ቢያዳምጠው ወይም አሥር ሚሊዮን ሰው ቢያዳምጠው አይለወጥም። ሳተላይቱን ለመሥራት፣ ለማስወንጨፍ፣ ኢንሹራንስ ለመክፈልና የምድር ጣቢያ ለማቆም የሚወጣው በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር የሚቆጠር ገንዘብ የሚወጣው አንድም አድማጭ ሳይገኝ ነው። በላዩም ጊዜ ይሮጣል፤ ሳተላይቱ ቦታውን እንዲጠብቅ የሚያደርገው ነዳጅ ከ12 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ያልቃል።

ለምሳሌ ያህል የአንድ አገልግሎት ቋሚ ወጪ በዓመት 50 ሚሊዮን ዶላር ነው እንበል። አሥር ሚሊዮን ደንበኛ ካለው ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 5 ዶላር ነው። ደንበኞቹ 170 ሺህ ብቻ ከሆኑ ግን ለእያንዳንዱ 294 ዶላር ይደርሰዋል። አባቶች «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ይህንኑ የማካፈል ስሌት ነው።

ወርልድስፔስ በመጀመሪያ ያሰበው ስርጭቱን በነጻ ለቅቆ ገቢውን ከማስታወቂያና ከጣቢያዎች ኪራይ ለማግኘት ነበር። መቀበያዎቹን ሂታቺ፣ ጄቪሲ፣ ፓናሶኒክና ሳንዮ ሠሩ። ዋጋቸው ግን በጅማሬው 200 ዶላርና ከዚያ በላይ ነበር። በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ የአንድ ሰው አማካይ ዓመታዊ ገቢ 150 ዶላር እንኳ አይሞላም። አገልግሎቱ የታሰበለት ገበሬ መሣሪያውን ለመግዛት ከአንድ ዓመት በላይ ሳይበላና ሳይለብስ መቆየት ነበረበት ማለት ነው። መግዛት የሚችለው ደግሞ ከተሜውና ባለ ገንዘቡ ነበር፤ እሱ ግን ኤፍ ኤምም፣ ዲሽም፣ ኋላም ኢንተርኔት ያገኛል። የቸገረው አይችልም፤ የሚችለው አልቸገረውም። መቀበያው በብዛት ስላልተሸጠ ዋጋው አልረከሰም፤ ዋጋው ስላልረከሰም በብዛት አልተሸጠም።

ማስታወቂያው አልበቃ ሲል ኩባንያው በ2000ዎቹ አጋማሽ ስርጭቱን ቆልፎ ወርኃዊና ዓመታዊ ክፍያ ወደ መጠየቅ ዞረ። ዓይኑንም ከአፍሪካ አንሥቶ ወደ ህንድ መለሰ፤ ዝነኛውን የሙዚቃ ደራሲ ኤ. አር. ራህማንን ለማስተዋወቂያው አሰለፈ። ነሐሴ 2005 አክሲዮኑን በ21 ዶላር ለሕዝብ ሸጠ። ነገር ግን የከፋዮቹ ቁጥር ከ200 ሺህ ወዲያ ፈቀቅ አላለም። ኩባንያው ጥቅምት 17 ቀን 2008 በአሜሪካ ፍርድ ቤት ከአበዳሪዎች ጥበቃ ሲጠይቅ 170 ሺህ ገደማ ደንበኞች ነበሩት፤ አብዛኞቹም ህንድ ውስጥ ነበሩ። ያስመዘገበው ዕዳ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። የህንዱ አገልግሎት በ2009 የመጨረሻ ቀን ተዘጋ። አቶ ኖኅ ከዚያ በኋላ ያዝሚ በተባለ ኩባንያ አማካይነት በሳተላይት ወደ ታብሌት ትምህርት የመላክ ሐሳብ ይዘው ቀጥለዋል።

የአሜሪካዎቹም መንገድ ቀና አልነበረም። ኤክስኤምና ተፎካካሪው ሲሪየስ በ2008 ሲዋሐዱ ከ18 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ነበሯቸው፤ ይህም ሆኖ በ2009 መጀመሪያ ከኪሳራ የተረፉት ሊበርቲ ሚዲያ በሰጣቸው ብድር ነው። 18 ሚሊዮን ሰው ተሸክሞ የተንገዳገደ ሥራ በ170 ሺህ ሰው እንዴት ይቁም?

ወርልድስፔስ ግን ፍሬ አልባ ነበር ማለት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። መቀመጫውን ኒያሜ ያደረገው የአፍሪካ የሜትዎሮሎጂ ማዕከል ከአጋሮቹ ጋር ራኔት በተባለው ፕሮጀክት የአየር ጠባይ መረጃን በዚሁ ሳተላይት ወደ ገጠር አድርሷል። የኬንያ የትምህርት ተቋምም ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሬዲዮ ትምህርት አሰራጭቶበታል። እነዚህን አገልግሎቶች የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር አለ፤ ወጪውን የሸፈነው አድማጩ ሳይሆን መንግሥት ወይም ድርጅት ነበር።

አግዳሚ ወንበርና ቋሚ ወጪ

የክፍያ ቴሌቪዥንም በዚሁ ሚዛን ይመዘናል። መቀመጫውን ለንደን ያደረገው ጌትዌይ ብሮድካስት ሰርቪስስ በ2007 ጂቲቪ የተባለ የሳተላይት የክፍያ ቴሌቪዥን ለአፍሪካ ጀመረ። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን የአፍሪካ የማሰራጨት መብት ትልቁን ድርሻ በውድ ዋጋ ገዛ። ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ ጥር 2009፣ በድንገት ተዘጋ። ደንበኞቹ ዲኮደራቸውን ታቅፈው ቀሩ። ከ1995 ጀምሮ የሚሠራው የደቡብ አፍሪካው ዲኤስቲቪ ግን ደንበኞቹን ቀስ በቀስ አብዝቶ ስለነበር ያንን ፉክክር ተሻገረ።

በእኛ ከተሞች ሕዝቡ ለዚህ ችግር ያገኘው መፍትሔ ከኩባንያዎቹ መፍትሔ ይልቅ ብልህ ነው። የወርሃዊውን ክፍያ ብቻውን የሚችል ቤተሰብ ጥቂት ነው። ኳስ ማሳያ ቤት ግን አንድ ዲኮደር፣ አንድ ትልቅ ቴሌቪዥንና በርካታ አግዳሚ ወንበር ይዞ በር ላይ ጥቂት ብር ይቀበላል። ወርሃዊ ክፍያው 1,000 ብር ነው ብንልና ለአንድ ጨዋታ 100 ሰው 10 ብር እየከፈለ ቢገባ የወሩ ሒሳብ በአንድ ቅዳሜ ይዘጋል። ይህ ከእቁብና ከእድር የተለየ ጥበብ አይደለም። ሬዲዮ ግን በአግዳሚ ወንበር አይሸጥም፤ ማንም በር ላይ ከፍሎ ዜና ለመስማት አይገባም። ወርልድስፔስ ክፍያን በመረጠ ጊዜ ድሆች ተባብረው የሚገቡበት በር ተዘጋባቸው።

በመጨረሻ ያሸነፈው ነጻው ስርጭት ነው። ኢቢኤስ ከ2008፣ ቃና ከ2016 ጀምሮ ተመልካቹን ሳያስከፍሉ በሳተላይት ወደ ኢትዮጵያ ቤቶች ገቡ። የሳተላይቱን ኪራይ የሚከፍለው ጣቢያው ነው፤ ጣቢያው ደግሞ ከማስታወቂያ ያገኛል። ወርልድስፔስ በመጀመሪያ ያለመው ይኸው አካሄድ ነበር። ታዲያ ያ ያልሠራው ይህ ለምን ሠራ? ምክንያቱ ያለው በመቀበያው ላይ ነው። የወርልድስፔስ መቀበያ የሚያውቀው የወርልድስፔስን ሳተላይት ብቻ ነበር። በየጣሪያችን ያለው ሳህንና ሪሲቨር ግን ዲቪቢ በተባለ ለሁሉም ክፍት በሆነ ደንብ ይሠራል። ማንኛውም ፋብሪካ ሊያመርተው ይችላል፤ ስለዚህም ረከሰ። ማንኛውንም ሳተላይት ሊያይ ይችላል፤ ስለዚህም አይሞትም።

ይህን ዓይናችን አይቶታል። የኢትዮጵያ ጣቢያዎች በ2020ዎቹ መጀመሪያ ኢትዮሳት ወደተባለው የጋራ መድረክ ሲሸጋገሩ፣ ሳተላይቱ ያለው በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ስለሆነ፣ ቀድሞ በ7 ዲግሪ ምዕራብ ወዳለው ወደ ናይልሳት ዞረው የነበሩ ሳህኖች መዞር ነበረባቸው። በሆሳዕና ሲሰላ ይህ በምዕራብ በኩል ከአድማስ 38 ዲግሪ ከፍታ ላይ ከሚገኝ ነጥብ ተነሥቶ፣ በምሥራቅ በኩል 66 ዲግሪ ከፍታ ላይ ወደሚገኝ ነጥብ መሸጋገር ነው። ዲሽ የሚያስተካክሉት ወጣቶች ጣሪያ ላይ ወጥተው በመፍቻ አዞሩት፤ ያው ሳህንም ማገልገሉን ቀጠለ። ወርልድስፔስ ሲዘጋ መቀበያው የሚዞርበት ሌላ ሰማይ አልነበረውም።

ለእኛ የሚተርፈው

ይህ ታሪክ ያለፈ ወሬ ብቻ አይደለም። ከ2004 ጀምሮ በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተተከለው «ፕላዝማ» የሳተላይት ትምህርት ነበር። በዚያ ሥራ የመጀመሪያው ችግር ተፈትቷል፤ ቋሚውንም ወጪ የመቀበያውንም ዋጋ መንግሥት ሸፍኗል። ነገር ግን መብራት ሲጠፋ ትምህርቱ ያልፋል፤ ተማሪ ያልገባውን ለመጠየቅ እጁን ቢያወጣ ስክሪኑ ላይ ያለው መምህር አያየውም። መጋቢት 2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉም ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዲሰጥ ተሞክሯል። ቴሌቪዥንም ሬዲዮም በሌለበት የገጠር ቤት ያለ ተማሪ ግን የማይሰማ ሲግናል በጣሪያው ላይ ሲዘንብበት ከርሟል።

አሁን ደግሞ በዝቅተኛ ምሕዋር የሚዞሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ሳተላይቶች ኢንተርኔት ያወርዳሉ፤ ከእነዚህ አንዱ የሆነው ስታርሊንክ በጎረቤታችን ኬንያ ከ2023 ጀምሮ አገልግሎት ይሰጣል። ፊዚክሱ የሚያስደንቅ ነው፤ ምሕዋሩ ቅርብ ስለሆነ የሩብ ሰከንዱ መዘግየት የለም። ነገር ግን የወርልድስፔስ ጥያቄዎች በቦታቸው አሉ። ከሰማይ ለሚወርድ ለማንኛውም አገልግሎት ሦስት ጥያቄዎችን ማቅረብ ይገባናል። አንደኛ፣ ቋሚው ወጪ ለስንት ሰው ይካፈላል? ሁለተኛ፣ የመቀበያው ዋጋ የአንድ የጊምቢቹ ወይም የአንጋጫ ገበሬ የስንት ቀን ገቢ ነው? ሦስተኛ፣ ኩባንያው ነገ ቢዘጋ መቀበያው ለሌላ ያገለግላል ወይስ ዝም ያለ ሣጥን ሆኖ ይቀራል?

ወርልድስፔስ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ሲያጣ ወደቀ፤ ለሦስተኛውም መልስ ስላልነበረው ሲወድቅ የደንበኞቹን ዕቃ ይዞ ወደቀ። ፋኩልቲያችን የሚያስተምራቸው ወጣቶች ነገ ስለ ትምህርት ቤት ኢንተርኔት፣ ስለ ቴሌሜዲሲን፣ ስለ አገር ሳተላይት ውሳኔ በሚሰጥበት ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። በዚያን ጊዜ የማመቂያውን ዘዴና የአንቴናውን ስፋት ማስላት ብቻ አይበቃቸውም። ሃምሳው ሎሚ ለሃምሳ ሰው መድረሱንም አብረው ማስላት ይጠበቅባቸዋል።